ለመርዶ በተቀመጡ ሰዎች ፊት ያደረግሁት ስፒች

ፈርስት ወጣሁ!

አዎ፣ እኔ! አስናቀች! የስምንተኛ ክፍሏ፣ በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው! በእንግሊዝኛ ኮምፖዚሽን ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ ወጥቼ ጽሑፌ በዚህ በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ተለጠፈልኝ። ቀና በሉ። ከዚህ ወረቀት በላይ ያለው እሱ ነው። ዳር ዳሩን በቀይ እርሳስ ያስጌጥኩት ራሴ ነኝ።

ከኋላ የቆማችሁ አትጋፉ! ሁላችሁም ይደርሳችኋል።

የላይኛውን ስታነቡ ትስቃላችሁ። ሳቁ። ግን ስትጨርሱ ወደዚህ ወደ ታችኛው ተመለሱ፤ ምክንያቱም ፈርስት በወጣሁበት በዚያው ቀን፣ ፀሐይ እንኳ ሳትጠልቅ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ባጭሩ፣ ጎረቤቶቻችን መርዶ ሊያረዱ ቤታችን ተሰብስበው ሳለ፣ እኔ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ።

መርዶ!

በቃ? አልበቃም። ስፒችም አድርጌአለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሚስተር ቶማስን ታውቋቸዋላችሁ፤ አዲስ ለገባችሁ ደግሞ፣ ከህንድ አገር የመጡት፣ ጃንጥላቸውን ክፍል ውስጥም የማይለዩት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ናቸው። ባለፈው ሰሞን ቃላት በብጣሽ ወረቀት ጻፉና ባርኔጣቸው ውስጥ ከትተው አዞሩልን። ሁላችንም አንዳንድ ቃል አወጣን። የቃሉን ትርጉም፣ የመጣበትን አገርና ምሳሌውን ጽፋችሁ አምጡ ተባልን።

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ደስታ» የሚለው ደረሳት። ከኋላዬ ያለው «ድልድይ» ደረሰው።

እኔ? አንግዊሽ!

አንግዊሽ ማለት ጥልቅ ሥቃይ ነው። ዕድል ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ያለውን፣ በአንድ እጅ የማይነሣውን ዲክሽነሪ አስፈቅጄ ገለጥኩት። ለካስ ቃሉ የእንግሊዞች አይደለም! እነሱ ከፈረንሳዮች ነው የተቀበሉት፤ ፈረንሳዮቹ ደግሞ ከላቲን። በላቲን «አንጉስቲያ» ማለት ጠባብ ቦታ ነው። መተላለፊያ የሌለው፣ ግራና ቀኙ የሚያጣብቅ ቦታ። ወደ ሥሩ ሲኬድ ደግሞ ማነቅ፣ ጉሮሮን ጨምቆ መያዝ ማለት ነው።

እዚያው ቢሮ ውስጥ ብድግ አልኩ።

እስቲ አስቡት! የጥንት ሮማውያን ሥቃይን ስም ሲያወጡለት ቁስል አላሉትም፤ እሳት አላሉትም። ጠባብ አሉት። እኛስ «ጭንቅ ጥብብ አለኝ» እንል የለ? በኦሮምኛስ ጭንቀቱን «ዺጲና» የምንለው ጠባቡን «ዺጶ» ከምንልበት አይደለም? እዚህ መቱ የሚያድግ ልጅ ሁለቱንም እየሰማ ነው የሚያድገው፤ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ሮማ የት፣ መቱ የት! ሳይተዋወቁ፣ ሳይመካከሩ፣ ሁሉም «ጠበበኝ» አሉ።

ይህን ስጽፍ እርሳሴ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። በደስታ! መጻፍ እንደዚህ እንደሚያደርግ ለምን አልነገራችሁኝም?

ትርጉሙ ሆነ። ምንጩ ሆነ። ምሳሌው ጠፋ።

እኔ ምን ሥቃይ አውቃለሁ? አባቴም እናቴም አሉልኝ። ወባ አንድ ጊዜ ይዞኝ ነበር፤ እሱንም የማስታውሰው ማር ስለ በላሁበት ነው። ስለዚህ ስለ ጫማዬ ጻፍኩ።

ነጩን ሸራ ጫማዬን። ለጥምቀት አድርጌው ታቦቱን ተከትዬ ወንዝ ወርጄ እስክመለስ ያደረሰብኝን። «ትንሿ የእግሬ ጣት በዚያ ቀን ላቲን መናገር ጀመረች» ብዬ ጻፍኩ። ሚስተር ቶማስ እዚህ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ «ልኬን ሳይጠይቅ ጫማ የላከልኝን ሰው እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» ብዬ ዘጋሁት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ይህን የመጨረሻ መስመር ያዙልኝ።

ጫማውን የላከችልኝ ዓለሚቱ ናት። ዓለሚቱ የእትዬ ጫልቱ ልጅ ናት፤ አንዲት ልጃቸው። እትዬ ጫልቱ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ፣ እናቴ እኔን ስትወልድ እትብቴን የቆረጡ ጎረቤታችን ናቸው። ዓለሚቱ ከእኛ በፊት በዚሁ ትምህርት ቤት ተምራለች፤ ኋላ ጋምቤላ ላለ ነጋዴ ተዳረች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስለነበር ለፋሲካ እናቷ ቤት መጥታ እንድትወልድ ተቆርጦ ነበር። እትዬ ጫልቱም ለአራሷ ብለው ጓዳውን ክፍል ሲመርጉ፣ ሲያለሰልሱ ሰነበቱ።

አሁን እኔ ያን ቀን ያላወቅሁትን እናንተ ቀድማችሁ እወቁት።

ረቡዕ ቀትር ላይ ከጋምቤላ በጎሬ በኩል በመጣ የጭነት መኪና አንድ ሰው ወረደ። ወደ እትዬ ጫልቱ ቤት አልሄደም። አባቴ የዕድሩ ዳኛ ስለሆኑ ቀጥ ብሎ ወደ እሳቸው መጣ። ዓለሚቱ በንዳድ ሞታለች። ልጁም በሆዷ። እዚያው ተቀብራለች።

ወጉን ታውቁታላችሁ። መርዶ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። በባዶ ሆድ አይነገርም። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ደርሶ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። የእትዬ ጫልቱ ወንድም ያሉት ዳሪሙ ነው፤ በእግር መጥተው እስኪደርሱ ሊጠበቁ ሆነ። እስከዚያ እትዬ ጫልቱ ምንም እንዳይጠረጥሩ ሰዉ አንድ አንድ እያለ በእኛ በር እየገባ ይመክር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ክፍል ውስጥ እየተጨበጨበልኝ ነበር።

ከዚያ ሚስተር ቶማስ «የወላጆች ቀን ላይ በስፒች ታቀርቢዋለሽ» አሉኝ። ማን ይቻለኝ! ከትምህርት ቤት እስከ ቤት እየሮጥኩ፣ እጄን እያወዛወዝኩ፣ ስፒቹን በአማርኛ ለአጥርና ለላም እያነበነብኩ መጣሁ።

የልብስ ሰፊው የጋሼ ተሰማ በረንዳ ጋ ስደርስ ቀጥ አልኩ። የስፌት መኪናቸው በጨርቅ ተሸፍኗል። ተዘግቷል! ጋሼ ተሰማ እኮ በንጉሡ ልደት ቀን እንኳ በጓሮ በር የሚሰፉ ሰው ናቸው።

«ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል!» አልኩ።

ቤት ደረስኩ። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። አግዳሚው ለሠርግም ይወጣል፤ ለለቅሶም ይወጣል። እኔ ምኔ ሞኝ ነው፣ ለሠርጉ ወሰድኩት!

«እማዬ! ፈርስት ወጣሁ!»

«ጎሽ የኔ ልጅ፤» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዓይኗ ቀልቷል።

በደስታ አለቀሰች! አልኩ።

አባባ አለፍ ሲሉ ራሴን ደባበሱኝ። አባባ ራስ የሚደባብሱ ሰው አይደሉም። «ተማሪዬ፣ ለትምህርትሽ በርቺ፤» አሉኝ፤ ድምፃቸው ሻክሯል።

ኮሩብኝ! አልኩ።

ጓዳ ስገባ ደግሞ ስንዴና ሽምብራ በትልቁ ድስት ተዘፍዝፏል። እማዬ ሮጣ ክዳን ደፋችበት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም። ውጪ ከዚህ።»

ንፍሮ ነበር። አንባቢዎቼ ሆይ፣ ለደስታ ንፍሮ የሚቀቀልበት አገር የት ነው ያለው? እኔ ግን ለራሴ አገር ፈጥሬ ገብቼበት ነበር። በዚያ አገር ጋሼ ተሰማ ለእኔ ሱቅ ይዘጋሉ፤ እናቴ ለእኔ ታለቅሳለች፤ ሽምብራውም ለእኔ ይዘፈዘፋል።

«ከግቢ እንዳትወጪ!» አለችኝ እማዬ። «ለማንም ደግሞ እንዳታወሪ!»

«ምኑን?»

«ምንም! ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ሰው እያየሁ። ጋሼ ተሰማ ጥግ ላይ ከዘራቸውን ይዘው አቀርቅረዋል። የላይ ሰፈር ሴቶች አሉ። የታች ሰፈሮቹም አሉ። ወፍጮ ቤቶቹ እንኳ መጥተዋል። ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል፤ ሳያቸው ደግሞ ዝም ይላል።

እትዬ ጫልቱ የሉም።

እንደገና ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የሉም!

ደሜ ፈላ። እንዴት ይረሷቸዋል? እትብቴን የቆረጡትን ሰው! አጥር ለአጥር የሆኑትን ሰው! የመንደሩ ሰው ሁሉ ለእኔ ደስታ ተጠርቶ እሳቸው ብቻ ሳይጠሩ ይቀራሉ?

ይህን ግፍ የማርመው እኔ ነኝ አልኩ።

በእኛና በእትዬ ጫልቱ አጥር መካከል ዓለሚቱ ልጅ ሳለች የከፈተችው ቀዳዳ አለ። በአጥር ቀዳዳ መውጣት «ከግቢ መውጣት» ይባላል? እንጃ። ስመለስ እጠይቃለሁ አልኩና ሾለክሁ።

እትዬ ጫልቱ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጭቃ ሆኖ የአራሷን ክፍል ግድግዳ ያለሰልሳሉ። ያንጎራጉራሉ።

«እትዬ! ቶሎ ይምጡ! ሰው ሁሉ እኛ ቤት ነው!»

«ምን ተገኘ?»

«እኔ ተገኘሁ! ፈርስት ወጣሁ!»

«ፈርስት ምንድን ነው? ይበላል?»

«ከሁሉም አንደኛ ማለት ነው እንጂ!»

«ከወንዶቹም?»

«ከወንዶቹም!»

«እሰይ!» አሉና በጭቃ እጃቸው ጭናቸውን መቱ። «ይሄ የጋሻ ያህል ራስሽ ለካ ባዶ አልነበረም!» ከዚያ ወደ እኛ ቤት በኩል አዩ። «ሰው ሁሉ ነው ያልሽው?»

«ሁሉም! ጋሼ ተሰማ እንኳ ሱቃቸውን ዘግተው!»

ጭቃውን ከክንዳቸው ጠረጉ።

«ታዲያ እኔን ማን ሊጠራኝ ነበር?»

«እኔ! እኔ ጠራሁዎት!»

ይህን ስል የኮራሁት ኩራት! አሁን ሳስበው ጥርሴን ያመኛል።

እጃቸውን ታጠቡ። ንጹሕ ነጠላ ለበሱ። ወደ ጓዳ ገቡና ለአራሷ ብለው ያስቀመጡትን ቅቤ ከነቅሉ ይዘው ወጡ። «ዓለሚቱ አትቆጣኝም፤ ለሷ ሌላ ይናጣል፤» እያሉ አናቴ ላይ አንድ ጭብጥ አደረጉልኝ። ተማሪ ልጅ እንዲህ ነው የሚመረቀው አሉ። ቅቤው ቀዝቃዛ ነበር።

በቀዳዳው ሲያልፉ በጎናቸው ሆኑ። እትዬ ጫልቱ ሰውነታቸው ደልደል ያለ ነው። «ወይ ይሄ ቀዳዳ! ኢንተላ ኮ ስትመጣ በዚህ አታልፍም፤ ሆዷ ገፍቷል፤» ብለው ሳቁ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።

ሳቁ! እኔም ሳቅሁ!

በራችን ላይ ስንደርስ ነጠላቸውን አስተካከሉና እልልታውን ለቀቁት።

የእትዬ ጫልቱን እልልታ ታውቁታላችሁ። ከሶር ፏፏቴ ጋ ቢሉት ውኃው ዝም ብሎ የሚሰማ እልልታ ነው። ቤቱ ውስጥ ገባ። ጣራውን ዞረ።

ማንም አልተቀበለውም።

እልልታ ሲባል ሴት ሁሉ ይቀበላል፤ የማይቀበል አፍ የለም። ያን ቀን ግን አንድም ሴት አልተነፈሰችም። አንዷ ብቻ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እና እኔ ምን አልኩ? «ስፒች እየጠበቁ ነው!» አልኩ።

ከእትዬ ጫልቱ ፊት ወጣሁ። ቅቤው አናቴ ላይ ነው። እጄን ሚስተር ቶማስ እንዳሳዩኝ ዘረጋሁ።

«የተከበራችሁ ወላጆችና ጎረቤቶች! ዛሬ ጥልቅ ሥቃይ ማለት ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ አስረዳችኋለሁ!»

አዎ። ይህንኑ ነው ያልኩት። ቃል በቃል። በጎላ ድምፅ።

የእማዬ እጅ አፌ ላይ ሲያርፍ ጥርሴ ከንፈሬን ቀደደው።

እትዬ ጫልቱ ግን እኔን አላዩኝም። ሰዉን ነበር የሚያዩት። ከወንበር ወንበር፣ ከፊት ፊት። ወፍጮ ቤቶቹን። የላይ ሰፈሮቹን። ጋሼ ተሰማን።

«ተሰማ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሱቅህን ዘጋህ?»

ጋሼ ተሰማ በመንደራችን መርዶ ነጋሪ ናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ስለሆነ ይህ ነገር ለእሳቸው ነው የሚሰጠው። ተነሡ። አፋቸውን ከፈቱ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ጫልቱ፣ ተቀመጪ፤» አሉ አባባ። «እስቲ ትንሽ ነገር ቅመሺ መጀመሪያ።»

እትዬ ጫልቱ እንደ መሳቅ አሉ።

«ቅመሺ? እኔን ቅመሺ ትሉኛላችሁ? በዚህ መንደር መርዶ ሲኖር ያችን ጉርሻ የማጎርሰው እኔ አይደለሁም? ሰዎች! እኔ አይደለሁም?»

በጣታቸው ሰዉን ከዳር እስከ ዳር ጠቆሙ።

«ሁላችሁም አላችሁ። ሳልጠራ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የመርዶው ባለቤት ነው የማይጠራው።» ወደ አባባ ዞሩ። «ልጄ ናት?»

አባባ አቀረቀሩ። ያ መልስ ሆነ።

እኔ ጩኸት ጠበቅሁ። ጩኸት አልመጣም። እትዬ ጫልቱ እጃቸውን አንሥተው ጉሮሯቸውን ያዙ። ጥፍራቸው ሥር ገና ጭቃ አለ። አየር የሚፈልግ ሰው እንደሚያደርገው አፋቸው ተከፈተ፤ ምንም አልገባም፤ ምንም አልወጣም።

«ናቲ ዺጰቴ፤» አሉ በመጨረሻ። ጠበበኝ ማለት ነው። ልጆች፣ ቤታችን ሰፊ ነው፤ በሩም ተከፍቶ ነበር።

ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላውን አልነግራችሁም። ያየ ያውቀዋል፤ ያላየ አይየው።

እኔ ከእህሉ ጎተራ ኋላ ተደብቄ ነበር። ቅቤው ቀልጦ በጆሮዬ፣ በአንገቴ፣ በዩኒፎርሜ ላይ ይወርዳል። ዕንባዬንና ቅቤውን መለየት አልቻልኩም። ፈርስት የወጣች ልጅ!

ጎህ ሲቀድ ወንድማቸው ከዳሪሙ እግራቸው ጭቃ ሆኖ ደረሱ። በእኛ በር ገብተው በሹክሹክታ፣ «ተነገራት?» ብለው ጠየቁ።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ።

ጋሼ ተሰማ አጠገቤ ሲያልፉ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ መርዶ አርድቻለሁ፤ በስፒች ሲረዳ ያየሁት ዘንድሮ ነው፤» አሉኝ። እማዬ እስካሁን ከ«ውኃ ቅጂ» እና ከ«በር ዝጊ» በስተቀር አላናገረችኝም። ወፍጮ ቤቶቹ «እልል አሰኚዋ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። እዚህ ወረቀት ግርጌ በእርሳስ የምትጽፉም ጻፉ፤ ከዚህ የከፋ አታገኙም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ተሰማ።

«ያቺ ልጅ የት አለች? አምጧት።»

ሴቶቹ፣ «ተዪያት፣ ልጅ ናት፤» አሉ። «አምጧት አልኩ እኮ፤» አሉ እትዬ ጫልቱ።

በቀዳዳው ሄድኩ። ሲረግሙኝ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እርግማኑ ይገባኛል ብዬም ነበር። እትዬ ጫልቱ ባለሰለሱት ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የግድግዳው ጭቃ ገና አልደረቀም። ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቷል።

«ቅቤውን ታጠብሽው?»

«አልታጠብኩም።»

«አትታጠቢው።»

ተንበረከክሁ።

«እናንተ ቤት ሰው ስለ ልጄ እያወራ፣ እኔ እዚህ እያንጎራጎርኩ ጭቃ አለሰልስ ነበር። ባትመጪ ኖሮ እስኪነጋ አለሰልስ ነበር። ወጉ ነው። እኔም ስንቱን ሰው እንዲህ አድርጌአለሁ፤ ለሱ ደግ ነው ብዬ።» ጉሮሯቸውን ዳሰሱ። «የጠራሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ሳላውቅ ነው፣ እትዬ።»

«ሳታውቂ ነው እንጂ! ብታውቂማ መቼ ትጠሪኝ ነበር?»

ይህ ምሕረት ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልገባኝም። የገባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ከዚያ እግሬን አዩ። ያው ሸራ ጫማ ነው ያደረግሁት፤ ሌላ የለኝም። እጃቸውን ሰደዱና በአውራ ጣታቸው ጫፉን ጫን አሉት። ትንሿ ጣቴ ላይ።

«ጠቦሻል።»

«አልጠበበኝም!»

«ጠቦሻል እንጂ። ትታሽ የሄደች ዕለት በነበረሽ ልክ ነው የገዛችው። ልጅ እንደሚያድግ ረስታ።» ጫማውን እንደ ሰው ፊት ደባበሱት። «ስትልክ፣ ደስ ይላት ይሆን ብላ ስንቴ አስጠየቀችኝ መሰለሽ።»

እንግዲህ ቀና በሉና የላይኛውን ወረቀት የመጨረሻ መስመር እንደገና አንብቡት።

አሁን ሳቁ።

ዛሬ ጠዋት ሚስተር ቶማስ ጋ ሄጄ፣ «ቲቸር፣ ጽሑፌን ያንሡልኝ፤ ፈርስትነቱንም ይውሰዱት፤» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጃንጥላቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። «አይነሣም፤» አሉኝ። «ያኔ የምታውቂው ያንን ነበር። አሁን የምታውቂውን ከሥሩ ጻፊ።» ወዲያው ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ለቅሶ ቤት የሚኬደው ተጠርቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለካስ መቱ ከመጡ ጀምሮ ማንም ስላልጠራቸው አንድም ለቅሶ ደርሰው አያውቁም!

«ለቅሶ ጥሪ የለውም፣ ቲቸር፤ የሰማ ይመጣል፤» አልኳቸው።

ስለዚህ ከሥሩ ጻፍኩ። ትርጉሙን አልቀየርኩትም፤ ዲክሽነሪው ልክ ነው። ምንጩም ልክ ነው። ምሳሌው ግን ጫማ አይደለም። አንግዊሽ ጩኸቱም አይደለም። ከጩኸቱ በፊት ያለችው ናት፤ በሩ ተከፍቶ ሳለ አየር መግቢያ የሚያጣባት። የጥንት ሮማውያንም አንዲት እናት በር ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ስትይዝ ሳያዩ ያንን ስም አላወጡም።

መጻፍ ግን አሁንም ደስ ይለኛል። ነውር ነው? ይህንን ስጽፍም እርሳሴ ተሰብሯል። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር እሱንም ልናገር ብዬ ነው።

አሁን ወደ መልእክቱ። ትናንት ከእትዬ ጫልቱ ዘንድ ልወጣ ስል ነጠላዬን ያዙኝ።

«ዓለሚቱ የተማረችበት ትምህርት ቤት ያሉትን ኢጆሌ ንገሪያቸው። ልጆቹ ይምጡ።»

«እትዬ፣ ልጅ ለቅሶ ቤት አይቀመጥም ይላሉ እኮ።»

«ይሄ ክፍል የተለሰነው ለልጅ ነው።»

ዙሪያውን አየሁ። ክፍሉ ትንሽ ነው።

«ብዙ ነን፣ እትዬ። ይጠብባል።»

«ይጥበብ፤» አሉ። «በሰው ይጥበብ።»

እንግዲህ ነገ ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ኑ። ሚስተር ቶማስም ይመጣሉ። በአጥሩ ቀዳዳ አይደለም፤ በበሩ ግቡ። እልል የሚል እንዳይኖር። ስፒች የሚያደርግም እንዳይኖር፤ እሱን እኔ ጨርሼዋለሁ። ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ፤ የሚሉትን ስሙ፤ ካላሉም ዝም በሉ። ግድግዳው እርጥብ ነው፤ ብትደገፉት ልብሳችሁ ጭቃ ይሆናል፤ ተደገፉት። ጫማ የጠበባችሁ ካላችሁ በር ላይ አውልቁ፤ የእኔንም እዚያ ታገኙታላችሁ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ለኋለኛው ቦታ ልቀቁለት፤ እሱም ያንብብ። ማንም ሳይጠራ እንዳይቀር።